«ሎርድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከዳቦ ነው የመጣው?

ዘአርሲ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ እኔ ጋ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። ባለፈው ሳምንት የቤት ኪራይ ውሌን ሳሳድስ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነበር። ውሉን ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ አንድ ቃል ሲመላለስባት ጊዜ «ምንድን ነው እሱ ላንድሎርድ ላንድሎርድ የምትለው?» አለችኝ። እኔም ሳላስብበት «ላንድ መሬት ነው፣ ሎርድ ደግሞ ጌታ፤ የመሬት ጌታ ማለት ነው» አልኳት።

ፊቷ ልውጥ አለ። እናቴ ያደገችው አርሲ ነው። አባቷ ጭሰኛ ነበሩ። «ታዲያ ጭሰኛ ሆኛለሁ በለኛ! የሲሶ ነው የእኩል?» አለችኝ።

አከራይ ማለት ብቻ እንደሆነ፣ እህል እንደማንሰፍርለት፣ በወር በወር ገንዘብ እንደምንከፍል ላስረዳት ሞከርኩ። «ጌታ ካልሆነ ለምን ጌታ ይሉታል?» አለችና ተነስታ ወደ ማድ ቤት ሄደች። መልስ አልነበረኝም። ማታ መዝገበ ቃላት ገልጬ ሳይ የባሰ ግራ ገባኝ። የቃሉ ሥር «ዳቦ ጠባቂ» ነው ይላል። እግዚአብሔርን ሎርድ ይሉታል፣ የለንደኑን የላይኛውን ምክር ቤት ሰው ሎርድ ይሉታል፣ ቤት አከራዩንም እንዲሁ፤ ሥሩ ግን ዳቦ? የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ። ለእሷም የምመልሰው ነገር እፈልጋለሁ።

ቃለ አጥኚ

ወንድሜ፣ መዝገበ ቃላቱ ልክ ነው። ይህ ቃል በእንግሊዝኛ ውስጥ በጣም ከምወዳቸው አንዱ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም።

ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከመውረራቸው በፊት የነበረው «ብሉይ እንግሊዝኛ» የዛሬው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሳይማረው አንብቦ የማይረዳው ቋንቋ ነው። ለእኛ ግእዝ እንደሚርቀን ያህል ይርቀዋል። በዚያ ቋንቋ ዳቦ «ህላፍ» ይባል ነበር። የዛሬው «ሎፍ» እሱ ነው፤ አሁን ትርጉሙ ጠብቦ ድፍኑን ዳቦ ብቻ ይላል። «ብሬድ» የሚለው ቃል የዳቦ ዋና መጠሪያ ሆኖ ቦታውን የወሰደበት በ1200 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት አንድ እንግሊዛዊ ራበኝ ብሎ የሚጠይቀው ህላፍ ነበር።

ሁለተኛው ቃል «ዌርድ» ነው፤ ጠባቂ፣ ዘብ ማለት ነው። እኛም በየሆቴሉና በየባንኩ በር «ጋርድ» የምንለው ከዚሁ ሥር ነው፤ ወደ ፈረንሳይኛ ገብቶ፣ መነሻ ድምፁን ቀይሮ ተመልሶ የመጣ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ህላፍዌርድ» ይሆናሉ። ከአፍ አፍ ሲሻገር «ህላፎርድ» ሆነ፣ ቀጥሎ መነሻው «ህ» ወደቀና «ሎቨርድ» ተባለ፣ በመጨረሻም «ሎርድ»። ስኮትላንዶች በራሳቸው መንገድ ሄደው «ሌርድ» ብለውታል።

ቃሉ የተፈጠረው ለንጉሥም ለእግዚአብሔርም አልነበረም። የተፈጠረው ለቤት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው ይኖራል፤ ልጅ፣ ዘመድ፣ አገልጋይ፣ ባሪያ። እህሉ በአንድ ጎተራ ነው፣ ዳቦው በአንድ ምድጃ ይጋገራል። ያንን ዳቦ የሚጠብቅና የሚያድል ሰው ህላፍዌርድ ነው። ወደ መሳፍንቱ፣ ወደ ንጉሡና ወደ ጸሎቱ የወጣው ከዚያ ቤት ተነስቶ ነው።

ጥያቄ አለኝ

ቃለ አጥኚ፣ በአክብሮት ልጠይቅ። እንዲህ ያለ የሚጥም የቃል ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ እጠራጠራለሁ። በእኛም አገር የከተማና የሰው ስም እየተሰነጣጠቀ የሌለ ታሪክ ሲለጠፍበት አይቻለሁ። «ህላፍዌርድ» ስድስት ፊደል ሆኖ «ሎርድ» ሲቀር ማን አየው? የጽሑፍ ማስረጃ አለው ወይስ ግምት ነው?

ቃለ አጥኚ

ጥርጣሬህ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው እንዳንተ ቢጠራጠር ጥሩ ነበር። የዚህ ቃል ጉዞ ግን በጽሑፍ ይታያል። ህላፎርድ በብሉዩ እንግሊዝኛ ሕጎችና የታሪክ መዝገቦች ውስጥ ሞልቷል። ሎቨርድ በመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች አለ። ሎርድም እንዲሁ። ዘመኑን ተከትለህ ብታነብ ቃሉ እያጠረ ሲሄድ በዓይንህ ታየዋለህ። ሙሉው «ህላፍዌርድ» ብርቅ ነው፤ በግጥም በተተረጎመ አንድ የዳዊት መዝሙር ውስጥ ግን ተጽፎ ተገኝቷል።

ማጠሩ እንዳይገርምህ። እኛስ «እግዚአብሔር» የሚለውን «እግዜር» አላደረግነውም? «እመቤቴ» የሚለውን «እሜቴ» አላልነውም? ብዙ የሚጠራ ቃል እንደ ቢላዋ ነው፣ በተሳለ ቁጥር ይሳሳል።

ሊጥና እርሾ

እሜቴን ካነሳህ እኔም ልግባ። ሎርድ ዳቦ ጠባቂ ከሆነ ሌዲስ?

ቃለ አጥኚ

እህቴ፣ ይህን የሚጠይቅ ሰው እየጠበቅኩ ነበር። ሌዲ የመጣው «ህላቭዲየ» ከሚለው ነው። መጀመሪያው ያው ህላፍ ነው። መጨረሻው አብዛኞቹ አጥኚዎች እንደሚሉት ማቡካት ከሚለው ሥር የወጣ ነው፤ ሊጥ በእንግሊዝኛ «ዶው» የሚባልበት ሥር ማለት ነው። ስለዚህ ሌዲ ማለት ዳቦ አቡኪ ነች።

ትንሽ ቃል አይምሰልሽ። ከጥንቶቹ የእንግሊዝ መንግሥታት አንዱ በሆነው በዌሴክስ የንጉሡን ሚስት ንግሥት ብሎ መጥራት አልተለመደም ነበር፤ ህላቭዲየ ነበር የምትባለው። የዌሴክሱ ንጉሥ የአልፍሬድ ልጅ ኤተልፍሌድ ደግሞ የጎረቤቱን የመርሲያን ሠራዊት መርታ ከዴኖች ጋር የተዋጋች፣ ምሽግ ያስገነባች ሴት ነች። በ918 ስትሞት የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ የጠራት «የመርሲያኖች ህላቭዲየ» ብሎ ነው። ጦር አዝማቿ ሴት የምትከበርበት ስም ሊጥ ላይ የተመሠረተ ነበር።

ሊጥና እርሾ

ይህን ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። እኔ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች በማስረከብ ነው ልጆቼን የማሳድገው። ሌሊት 10 ሰዓት እነሳለሁ። ክንዴን እስከ ክርኔ ሊጡ ውስጥ አስገብቼ እብጠቱን እየፈታሁ ሳሸው እጄ ራሱ ያውቀዋል፤ ውሃ ጠጥቶ እንደሆነ፣ እርሾው ይዞት እንደሆነ፣ ዛሬ አብሲት ይብዛለት ይነስ በእጄ ነው የማውቀው። ብርድ ሲሆን ይተኛብኛል፣ ሙቀት ሲሆን ይቀድመኛል። ማቡካት የጉልበት ሥራ ብቻ የሚመስለው አቡክቶ የማያውቅ ሰው ነው።

በእኛ ቋንቋ ግን እመቤት «የቤት እናት» ነች፤ ከግእዙ «እመ ቤት» ነው። ሊጡ ስሟ ውስጥ የለም። እንዲያውም ሊጥ የምታቦካዋ ሌላ፣ እመቤቲቱ ሌላ ናቸው። በእንግሊዞቹስ በእርግጥ ሌዲዋ ነበረች እጇን ሊጥ ውስጥ የምትከተው?

ቃለ አጥኚ

ትክክለኛው ቦታ ላይ ነካሽው። ያው አቡኪ የሚለው ቃል ለብቻውም ነበር፤ «ደየ» ይባላል። ትርጉሙ ግን የቤት ሠራተኛ፣ ገረድ ነው። ከአቡኪነት ወደ ወተት አላቢነትና አይብ ሠሪነት ተሻገረ። ዛሬ የወተት ተዋጽኦ «ዴይሪ» የሚባለው ከእሷ ስም ነው፤ የደየዋ የሥራ ክፍል ማለት ነበር። አንድ ሥር፣ ሁለት ሴት። «ዳቦ» የሚል ቃል ከፊቱ የተለጠፈለት ሌዲ ሆኖ ወደ እልፍኝ ገባ። ያልተለጠፈለት በረት ቀረ።

ቤይሩት ያለሁት

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የተማርኩ አይደለሁም፤ ግን ይሄ የእኔ ነገር ነው። እዚህ ሰባት ዓመቴ ነው። ማዳም የምንላት አሠሪያችን አንድ ቀን እንኳን ሊጥ ነክታ አታውቅም። የማቦካው እኔ ነኝ፣ የምጋግረው እኔ ነኝ፣ ልጆቿን የማበላው እኔ ነኝ። የጓዳው ቁልፍ ያለው ግን እሷ ጋ ነው። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ «ጠባቂ» ያልከው እሱ አይደል? ቁልፉ። «ማዳም» ራሱ ምን ማለት ነው?

ቃለ አጥኚ

አዎ እህቴ፣ እሱው ነው፣ ቁልፉ። ማዳም ፈረንሳይኛ ነው፣ «የእኔ እመቤት» ማለት ነው። ከላቲኑ «ዶሚና» ነው የመጣው፤ እሱም ቤት ማለት ከሆነው «ዶሙስ» ነው። ላቲኖቹ እንደ እኛ ጌትነቱን በቤቱ ሰየሙት። እንግሊዞቹ ናቸው በዳቦው የሰየሙት። ሰባት ዓመት ብዙ ነው፤ እግዚአብሔር ያበርታሽ፣ ለአገርሽም ያብቃሽ።

ሞስኮ ተምሮ የመጣ

ልጆች፣ ጨዋታችሁ አስደሰተኝ። እኔ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ከተላኩት አንዱ ነኝ። መጀመሪያ የተማርኩት የሩስያ ቃል ምን መሰላችሁ? «ኽሌብ»፣ ዳቦ። የተማሪዎች ምግብ ቤት ውስጥ ጥቁሩ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ወጡን ሳታውቀው፣ ሰላጣውን ሳታውቀው፣ ኽሌብን ግን ታውቀዋለህ። በብርዱ ወራት ከመኝታ ቤታችን ወጥተን ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ሽታው ሰው ያደርገን ነበር።

ህላፍ፣ ኽሌብ። ይህ መመሳሰል በአጋጣሚ ነው?

ቃለ አጥኚ

ጋሼ፣ በአጋጣሚ አይደለም። የስላቭ ሕዝቦች ቃሉን የወሰዱት በጥንት ዘመን ከጀርማን ጎረቤቶቻቸው ነው። ፊንላንዶችም ወስደውታል፤ እነሱ «ሌይፓ» ይሉታል። በ4ኛው መቶ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስ ከጀርማን ሕዝቦች አንዱ ወደሆኑት ወደ ጎቶች ቋንቋ ሲተረጎም ዳቦ የተባለው «ህላይፍስ» ተብሎ ነው። ጎቶቹ ጓደኛንም «ጋህላይባ» ይሉታል፤ አብሮ ዳቦ የሚበላ ማለት ነው። እርስዎ በዚያ ምግብ ቤት አብረዋቸው የቆረሱት ሁሉ በጎትኛ ጋህላይባዎችዎ ናቸው።

ሞስኮ ተምሮ የመጣ

ብዙዎቹ አሁን በሕይወት የሉም። ቃሉን ግን ጽፌ አስቀምጠዋለሁ። ተባረክ ልጄ።

የሕግ ሰው

እስካሁን የተባለው ስለ ሰጪው ነው። ስለ በሊታውስ? ህላፎርድ ካለ ዳቦውን የሚበላም አለና እሱም ስም ነበረው፤ «ህላፍኤታ»፣ ዳቦ በላ። ይህን ስም የምናገኘው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከተጻፉት ሕጎች ሁሉ በሚቀድመው ሕግ ውስጥ ነው። የኬንት ንጉሥ ኤተልበርህት በ600 ገደማ ያወጣው ነው፤ ቅጂው በሮቼስተር ካቴድራል በ12ኛው መቶ ዘመን በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ተረፈ። አንቀጹ አጭር ነው። አንድ ሰው የአንድን ገበሬ ዳቦ በላ ቢገድል 6 ሽልንግ ይክፈል ይላል። የነጻው ሰው የራሱ የደም ዋጋ በዚያው ሕግ 100 ሽልንግ ነበር።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ዳቦ የሚያበላው ተራ ገበሬ ነው እንጂ መስፍን አይደለም። ይህ ቃለ አጥኚ «ቃሉ የተፈጠረው ለቤት ነው» ላለው ትልቅ ማስረጃ ነው።

ሌላም አለ። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ንጉሥ አልፍሬድ ሕጉን ሲያወጣ ለአብዛኛው ጥፋት በመጀመሪያው ጊዜ የገንዘብ ካሣ ይበቃል ይላል። አንድ ጥፋት ግን በገንዘብ አይማርም፤ ሰው በህላፎርዱ ላይ የሚፈጽመው ክህደት። ምክንያቱንም ይናገራል፤ ክርስቶስም አሳልፎ ለሰጠው ሰው ምሕረት አልፈረደለትም ይላል። ስለ ይሁዳ ደግሞ በዳዊት መዝሙር የተነገረው እንጀራዬን የበላ ተረከዙን አነሣብኝ የሚለው ነው። እኛ «የበላበትን ወጭት ሰባሪ» የምንለው ሰው፣ በአልፍሬድ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ከነፍሰ ገዳይ የባሰ ነበር።

ጥያቄ አለኝ

ደስ የሚል ነው፤ አሁን ግን ሌላ ስጋት አለኝ። የቃል ሥርና የቃል ትርጉም አንድ አይደሉም። በአልፍሬድ ዘመን ህላፎርድ የሚል ሰው በልቡ ዳቦ ያስብ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ህላፍዌርድ ህላፎርድ ሲሆን «ጠባቂ» የሚለው ገና ያኔ ተደምስሷል። የቃሉን ሥር እያነሳን ሎርድ ማለት የሚያበላ ነው፣ መጋቢ ነው ማለት ከጀመርን የሌለ ደግነት እናለብሰዋለን። ለዘአርሲ እናትም እንዲህ ብለን ብንመልስላቸው እውነቱን አልነገርናቸውም።

ቃለ አጥኚ

ግማሹን እቀበላለሁ። ሥር ትርጉም አይደለም። የጥንቶቹ ገጣሚዎች ራሳቸው እግዚአብሔርን ሲጠሩ ብዙውን ጊዜ ህላፎርድ አይሉም ነበር፤ «ድሪህተን» ነበር የሚሉት፤ የጭፍራ አለቃ ማለት ነው። ካድሞን የተባለው እረኛ በ7ኛው መቶ ዘመን የዘመረው መዝሙር ውስጥ ያለው ይህ ቃል ነው። በኋላ ድሪህተን ከቋንቋው ጠፋና የዳቦ ጠባቂው ቃል የጸሎቱንም ቦታ ያዘ። ያኔ ማንም ሰው ዳቦ ነው ብሎ አልመረጠውም፤ ጌታ ማለት ሆኖ ስላገኘው ነው።

ግን ሥሩ ሙሉ በሙሉ ይሞታል በሚለው አልስማማም። በእኛ ቋንቋ «የእንጀራ አባት» ስንል ስለ እንጀራ የምናስብ አይመስለንም።

ስሜን አልጽፍም

የምናስብ አይመስለንም አልክ። እኔ የእንጀራ ልጅ ነኝ። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ አገባች። የእንጀራ አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መትቶኝ አያውቅም። ግን መሶቡ ሲከፈት ዓይኑን አይ ነበር። ስንት ጊዜ እንደጎረስኩ እቆጥር ነበር። ሁለተኛ እንጀራ ሲጨመር እጄን እሰበስባለሁ፤ እናቴ «ብላ እንጂ» ስትለኝ ጠግቤያለሁ እላለሁ። ማታ ይርበኛል። የገዛ ልጆቹ ሲወለዱ እነሱ መሶቡን ራሳቸው ከፍተው ሲበሉ ሳይ ልዩነታችን የገባኝ ያኔ ነው። እነሱ ልጅ ናቸው፣ እኔ የእንጀራ ልጅ።

ቃሉን የሚሰማው ማን እንደሆነ ነው ነገሩ። አባቱ የሆነለት ሰው እንጀራውን አይሰማውም። እኔ በየቀኑ እሰማው ነበር። ያ ህላፍኤታ ያላችሁት ሰው ስሙ ሲጠራ ዳቦው ይሰማው እንደነበር እኔ አልጠራጠርም።

ሲታመም ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት በእጄ አጎረስኩት። ይህንንም ልጽፈው ፈልጌ ነው።

ሊጥና እርሾ

ወንድሜ፣ ይህን ስለነገርከን እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔም ቤት የእንጀራ ልጅ አለ። ዛሬ መሶቡ አጠገብ እሱን አስቀምጠዋለሁ።

ጥያቄ አለኝ

ስለ አልፍሬድ ዘመን ያልኩትን አልተውኩም። ስለ በሊታው ግን አላሰብኩበትም ነበር። ተሸንፌያለሁ ወንድሜ።

ዘአርሲ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ለእናቴ ነገርኳት፤ ሎርድ ማለት በጥንት ቋንቋቸው ዳቦ ጠባቂ ነው፣ ለቤተሰቡ ዳቦ የሚያድል ማለት ነው አልኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝና «እኛ ነበርን የምናበላቸው» አለችኝ።

ከዚያ ነገረችኝ። አውድማው ላይ ምርቱ ተሰፍሮ ሳያልቅ ማንም ሰው እፍኝ እንዳይነካ የባለመሬቱ ሰው ቆሞ ይጠብቅ እንደነበር፣ እሷና ታናሽ ወንድሟ ከተወቃው ገለባ ሥር የቀረውን ፍሬ ይለቅሙ እንደነበር። በ1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ፣ የካቲት 25፣ አባቷ አላመኑም፤ በሚቀጥለው መኸር ምርቱ ሙሉው ቤት ሲገባ ነው ያለቀሱት። ይህን ነግራኝ አታውቅም ነበር፤ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው ያወጣው። አሁን «ጠባቂ» የሚለውን እንዴት ልያዘው?

የሕግ ሰው

እናትህ የተናገሩት ቃሉ ራሱ የሚያምነው ነገር ነው። ቃሉ «ዳቦ ጠባቂ» ይላል እንጂ ዳቦ አብቃይ አይልም። በእንግሊዝም የሚያርሰው ገበሬው ነበር፤ ሎርዱ ጎተራው በር ላይ ነው የቆመው። ጠባቂ ማለት ለቤተሰቡ የሚጠብቅም ነው፣ ከቤተሰቡ የሚጠብቅም ነው። የቤይሩቷ እህታችን ቁልፉን ያየችው ለዚህ ነው።

በእኛ ቋንቋ ይህን ነገር ቁልጭ አድርጎ የያዘው ቃል «ግብር» ይመስለኛል። ገበሬው የሚከፍለው ግብር ነው። ንጉሡ አዳራሽ ውስጥ የሚያበላውም ግብር ነው። በምኒልክ ጊቢ አዳራሽ ግብር ሲገባ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየማዕረጉ ተራ በተራ ይበላ ነበር፤ ሠራዊቱ ጠግቦ ወጥቶ ያወድሳል። ምስጋናው ለሚያበላው ነው። እህሉ በአህያ ተጭኖ ሲመጣ ግን ስሙ ያው ግብር ነበር። እንግሊዞቹ ሰውየውን በዳቦው ሰየሙት፤ እኛ መጫኑንም ማብላቱንም በአንድ ቃል ጠራነው። ጭሰኛ ደግሞ ከጭስ ነው። የባለመሬቱ ስም ዳቦው ዘንድ ሲሆን፣ የአራሹ ስም ዳቦው የተጋገረበት ምድጃ ጭስ ዘንድ ቀረ።

ሎንዶን ያለሁ

ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ለዲያቆኖቻችን ደስ ይላል። እዚህ እንግሊዝ የግብር ዓመት የሚጀምረው ኤፕሪል 6 ነው። ለምን እንዲህ ያለ ጎዶሎ ቀን ብዬ ስጠይቅ ነገሩ ሌዲ ከሚለው ቃል ጋር ተያያዘ። ማርች 25 «ሌዲ ደይ» ይባላል፤ የእመቤታችን የብሥራት ቀን ነው። እስከ 1752 ድረስ ሕጋዊው አዲስ ዓመት የሚገባው፣ የመሬት ኪራይም የሚከፈለው በዚያ ቀን ነበር። በ1752 የዘመን አቆጣጠራቸውን ሲቀይሩ ከሴፕቴምበር 2 በኋላ በቀጥታ ሴፕቴምበር 14 ሆነ፤ 11 ቀን ተዘለለ። ግምጃ ቤቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ለማድረግ ወደ ፊት ገፋው፣ በ1800 አንድ ቀን ተጨመረበትና ኤፕሪል 6 ላይ ቆመ።

የእኛ መጋቢት 29 ደግሞ ኤፕሪል 7 ነው የሚውለው። እንግሊዞች የድሮውን አቆጣጠር ባይለቁ ኖሮ የእነሱ ሌዲ ደይ ዛሬ የሚውለው በእኛ መጋቢት 29 ነበር፣ በዓለ ትስብእት። በየዓመቱ የግብር ወረቀቴን ስሞላ ይህን አስባለሁ።

ዲያቆኑ

እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ቃለ አጥኚ መጀመሪያ አካባቢ የጠቀሰውን ልከታተል። ሙሉው ህላፍዌርድ የተገኘበት መዝሙር የትኛው ነው? ቁጥሩን ታስታውሳለህ?

ቃለ አጥኚ

መዝሙር 104፣ ቁጥር 21። እነሱም ያኔ የሚቆጥሩት በላቲኑ ስለነበር ቁጥሩ ከእኛ ዳዊት ጋር አንድ ነው።

ዲያቆኑ

ገልጬ አየሁት። ስለ ዮሴፍ ነው! ለባርነት የተሸጠው፣ እግሮቹ በእግር ብረት የደከሙት፣ ንጉሡ ልኮ የፈታው፣ የቤቱ ጌታ አድርጎ የሾመው። ወንድሞቼ፣ ይህ ተርጓሚ በቋንቋው ጌታ የሚል ቃል ሞልቶለት ሳለ ለዮሴፍ ሲደርስ አሮጌውን ሙሉ ቃል አወጣ። ዮሴፍ እኮ የግብጽን እህል ሰባት ዓመት ያጠራቀመው፣ ሰባት ዓመት ጎተራውን የጠበቀው ሰው ነው። ዳቦ ጠባቂ! የግጥሙን ምት ለመጠበቅም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ሳነበው ቆሜ ቀረሁ።

ዮሴፍ እህሉን ጠብቆ አገር ከረሃብ አተረፈ። ያው መጽሐፍ ግን ሕዝቡ ብሩ ሲያልቅበት ከብቱን፣ ከብቱ ሲያልቅ መሬቱን ለፈርዖን አስረክቦ ዘር እንደተቀበለ፣ ከዚያ በኋላም አምስተኛውን እጅ እንደገበረ ይነግረናል፤ ኦሪት ዘፍጥረት 47 ላይ ነው። የዘአርሲ እናት የተናገሩት እዚያም አለ።

አቡነ ዘበሰማያትንም በዚያ ቋንቋ ፈልጌ አገኘሁ። የዕለት እንጀራችንን የሚለው ቦታ ላይ ያለው ቃል «ህላፍ» ነው። እኛም የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበትን ቤት ቤተ ልሔም እንለዋለን፤ በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው።

ዘአርሲ

እናቴ ዳዊት ደጋሚ ናት። ዛሬ ጠዋት 104ን ስትደግም ጠበቅኳትና ቁጥር 21 ላይ ስትደርስ አስቆምኳት። የዲያቆኑን መልእክት አነበብኩላት። መጽሐፏን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥቂት ቆየች። «ዮሴፍስ ይሁን፤ እሱ ራሱ ታስሮ ያውቃል» አለችኝ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ትማራለች። ደብተሯን አውጥታ «ላንድሎርድ» ብላ በአማርኛ ፊደል ጻፈችና ጎኑ «አከራይ» አለች። ከሥሩ ጨምራ «ዳቦ ጠባቂ» ጻፈችበት። ከዚያ «እኛንስ ምን ይሉናል?» አለችኝ። ውሉ ላይ ያለው «ቴናንት» ነው። ጻፈችው፤ ጎኑን ባዶ ትታ ትርጉሙን ከእናንተ ጠይቅልኝ ብላኛለች።

ቃለ አጥኚ

ከፈረንሳይኛ ነው። ያዥ ማለት ነው፤ መሬቱን በእጁ የያዘው ሰው።

ዘአርሲ

ጻፈችው።